ሰንጠረዥ፦ ስሙ ይገባዋልን?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። አባባሉ ለሰው እንደሚሠራ ሁሉ ሰው ለፈጠራቸው ነገሮችም ይሠራል። መጽሐፍም ሆነ ዜማ፣ ሥዕልም ሆነ ጨዋታ፣ የፈጠረው ትውልድ ካለፈ በኋላ ስሙ ብቻውን ሲዞር የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከመቃብር በላይ የዋለ ስም ሁሉ በሚገባው መሠረት ላይ የቆመ ነውን? ወይስ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መርማሪ ሳያገኝ የኖረ ነው?

ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ጠባብ ጌም ቤት በር ላይ የሰማሁት ክርክር ነው። በውስጥ ያሉት ወጣቶች ጆይስቲክ ይዘው እግር ኳስ ይጫወታሉ። በበሩ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት ሁለቱ ግን ስለ አንድ የቆየ የቪዲዮ ጌም ይከራከሩ ነበር። ጨዋታው በ1997 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ ሰባት» ነው። ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ተላብሶ ረዥም ታሪክ ውስጥ ይጓዛል፤ ኃያል ኩባንያ የምድርን ሕይወት እየመጠጠ ኃይል ሲያመነጭ ይቃወማል፤ የሚወዳት የትግል ጓዱ ስትገደል ማዳን ሳይችል ያያል። አንደኛው ወጣት «በዓለም ሁሉ የተመሰገነ ነው» ሲል ሁለተኛው «ሥዕሉ የጡብ ክምር ይመስላል፤ የሚወደስበት ምክንያት የወደዱት ልጆች ዛሬ አድገው ጸሐፊ ስለሆኑ ነው» ብሎ መለሰ። ቀጥሎም ወደኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። የድሮ ጨዋታ የሚከበረው ጥሩ ስለሆነ ነው ወይስ የድሮ ስለሆነ?» አለኝ።

እኔ በዚያ ጨዋታ ላይ ለመፍረድ የሚያበቃ ልምድ አልነበረኝም። የወጣቱ ጥያቄ ግን የራሳችንን አንድ ጨዋታ አስታወሰኝ። ይኸውም ስሙ እጅግ የገነነው፣ ተጫዋቹ ግን የጠፋው ሰንጠረዥ ነው።

የአንድ ቤተሰብ ዘር

ሰንጠረዥንና የወጣቶቹን የቪዲዮ ጌም ማያያዝ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በታሪክ ሲታዩ ግን የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። በስድስተኛው ምእት ዓመት ገደማ በሕንድ የተገኘው የጦር ሜዳ ጨዋታ ወደ ፋርስ ተሻገረ፤ ከፋርስም ዐረቦች ወስደው «ሸጥረንጅ» አሉት። በአንድ በኩል ወደ አውሮጳ፣ በሌላ በኩል ወደ ሀገራችን ደረሰ። «ሰንጠረዥ» የሚለው ስማችንም የተገኘው ከዚሁ ነው።

በአውሮጳ የጀርመኑ ሄልቪግ በ1780 እ.ኤ.አ. የቼዙን ገበታ አስፍቶ መድፈኛና እግረኛ ጦር ያለበት የጦርነት ጨዋታ አደረገው። በ1824 እ.ኤ.አ. የፕሩስያ መኮንኖች በካርታ ላይ የሚጫወቱት የጦር ልምምድ ተዘጋጀላቸው። ከዚህ መስመር በወጡት የጦርነት ጨዋታዎች ላይ ተመሥርቶ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ሆኖ የሚጫወትበት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ታተመ። በኮልፌው ጌም ቤት በር ላይ የተከራከሩበት ጨዋታ የዚህ የልጅ ልጅ ነው። እንግዲህ ንጉሥን፣ ፈረሰኛንና እግረኛን በእጁ ይዞ በዕድላቸው ላይ የሚያስበው የጥንት ተጫዋችና ጆይስቲክ የያዘው የዛሬ ወጣት ከአንድ ምንጭ የጠጡ ናቸው ለማለት ይቻላል።

ለሰንጠረዥ የተሰጠው ምስጋና

ስለ ሰንጠረዥ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ምስጋና የነገሥታት ጨዋታ መሆኑ ነው። ማስረጃው አይጠፋም። በአሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል በቤተ መንግሥታቸው ከነበረ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መባቻ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን አዘውትረው ይጫወቱ ነበር። እቴጌ ጣይቱም በገና መደርደርን ብቻ ሳይሆን ሰንጠረዥንም ያውቁ እንደነበር የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ይመሰክራሉ።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ታላላቅ ሰዎች የተጫወቱት መሆኑ ብቻ አንድን ጨዋታ ታላቅ አያሰኘውም። ስም የሚጸናው በቦታና በማዕረግ ሳይሆን በተሠራው ሥራ ነው። ኮልፌ ራሷ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በኮልፌ ስለነበር የሰፈሪቱ ስም በዓለም የነጻነት ትግል ታሪክ ውስጥ ይጠራል። ያንን ስም ያከበረው ግን የካምፑ ግንብ አይደለም፤ ሠልጣኙ ከዚያ ወጥተው የተጓዙበት መንገድ ነው። ሰንጠረዥንም በዚሁ ሚዛን መመዘን ይገባል። ማን ተጫወተው ብቻ ሳይሆን፣ ጨዋታው በራሱ ምን ይዟል? ተጫዋቹንስ ምን ያስተምረዋል?

ክሱ

በቅድሚያ በሰንጠረዥ ላይ ሊቀርብ የሚችለውን ክስ ያለ አድልዎ እንይ።

አንደኛው ክስ የጨዋታውን አዝጋሚነት ይመለከታል። ገበታው እንደ ዛሬው ቼዝ ስምንት በስምንት፣ በድምሩ 64 ቤቶች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ወገንም 16 ጠጠሮች አሉት። ይሁን እንጂ የንጉሡ አማካሪ የሆነው ፈርዝ በአግድም ማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ በዚህም ምክንያት ከገበታው እኩሌታ፣ ማለትም ከ32 ቤቶች በቀር አይደርስም። ዝሆኑ ወይም ፊል በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘልላል፤ በሕይወቱ ሙሉ ሊረግጣቸው የሚችሉት ቤቶች ስምንት ብቻ ናቸው። መደቅ የሚባለው እግረኛ ከመነሻው እንኳ ሁለት ቤት መራመድ አይፈቀድለትም። አውሮጳውያን በአሥራ አምስተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የፈርዙንና የፊሉን ጉልበት አበርትተው ጨዋታውን ሲያፋጥኑት፣ የኛ ሰንጠረዥ በጥንቱ ሥርዐት ጸንቶ ቀረ። በዚህ ዐይን ያየው ሰው «የቆየ እንጂ የላቀ አይደለም» ቢል አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ክስ ከፍ ያለ ነው። ሰንጠረዥ ባመዛኙ የመኳንንትና የአዳራሽ ጨዋታ ነበር። እረኛው በሜዳ ላይ ጉድጓድ ምሶ፣ ጠጠር ለቅሞ የሚጫወተው ገበጣን ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በብዛትና በስፋት ከሆነ፣ የሕዝብ ጨዋታ የሚለው ስም የሚገባው ለገበጣ እንጂ ለሰንጠረዥ አይደለም። ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ የተሠመረ ገበታና ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ጠጠሮች በገባሩ ቤት የሚገኙ ዕቃዎች አልነበሩም።

ሦስተኛው ክስ ከራሱ ከአዳራሹ ይመጣል። በ1805 እና በ1809–10 እ.ኤ.አ. ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ በራስ ወልደ ሥላሴ ፊት ሰንጠረዥ ሲደረግ ያየውን ጽፏል። በዙሪያው የተቀመጡት ሁሉ አሳባቸውን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ባሮች እንኳ ሳይቀሩ እጃቸውን ዘርግተው መልካም እንቅስቃሴ ያሳያሉ። መጨረሻው ግን የታወቀ ነው፤ በብልሃት ራሱ እንዲያሸንፉ ይደረጋል። ሁሉም ይናገራል፤ አንድ ሰው ብቻ ያሸንፋል። የዚህን ትዕይንት ትርጉም ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

መልሱ

እነዚህ ክሶች እውነትነት አላቸው። ሆኖም የሚነኩት ሰንጠረዥን የያዘውን እጅ እንጂ የሰንጠረዥን ሕግ አይደለም። ሕጉን ስንመረምር የአዳራሹን ልማድ የሚቃወም ነገር ተቀብሮ እናገኛለን።

የመጀመሪያው «ወረራ» የሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ነው። በዛሬው ቼዝ አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ይጠብቃል። በሰንጠረዥ ግን የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ በፈለጉት ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፤ እንደ ገና ይሠራል። ይህ ነገር ከውጭ ሲታይ ሥርዐት የለሽ ግርግር ይመስላል። በእውነቱ ግን ተጫዋቹ በራሱ እጅ ላይ ሳይሆን በባላንጣው እጅ ላይ እንዲያተኩር የሚያስገድድ ትምህርት ነው። ቸኩሎ የመጀመሪያውን ጠጠር የሚበላ ሰው ወረራውን ይዘጋል፤ ስለዚህ መቼ መዝጋት እንዳለበት ማወቅ ጥበብ ይሆናል። ቼዝ በተስፋፋበት ዓለም ሁሉ እንዲህ ያለ አከፋፈት የሰንጠረዥ መለያ ሆኖ ቆይቷል።

ሁለተኛው የድል ክብር ሕግ ነው። በሰንጠረዥ ንጉሡን መርታት ብቻ አይበቃም፤ በምን እንደተረታ ይጠየቃል። ብርቱዎቹ ደርና ፈረስ የፈጸሙት ድል እንደ ተራ ነገር ይቆጠር ነበር። በደካሞቹ በፈርዝ ወይም በፊል የተገኘ ድል ይመሰገናል። ከሁሉ በላይ የሚከበረው ግን መደቆች ተባብረው ንጉሡን መውጫ ያሳጡበት ድል ነበር።

ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ቀደም ብለን የፈርዝንና የፊልን ድካም እንደ ጉድለት ቆጥረነው ነበር። አሁን እንደምናየው ግን የምስጋናው ሕግ በዚያ ድካም ላይ የቆመ ነው። ስምንት ቤት ብቻ የሚረግጥ ፊል ንጉሥን እንዲይዝ ማድረግ፣ ገበታውን ሁሉ የሚያቋርጥ ደር ከሚያደርገው ይልቅ እጅግ ከባድ ነው። የመደቆቹ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ እያንዳንዱ ብቻውን ምንም ነው፤ አንዱ ሌላውን ካልደገፈ ይበላል። ስለዚህ መኳንንት በሚጫወቱት ገበታ ላይ ትልቁ ክብር ለእግረኞች ኅብረት ተሰጥቶ እናገኛለን። ራሱን በዚያ ገበታ ላይ ያላየው ገባር፣ በገበታው ሕግ ውስጥ ግን ነበረ።

ሦስተኛው ለተሸናፊ የሚሰጠው ክብር ነው። ጦሩ አልቆ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማሳደድ እንደ ድል አይቆጠርም። አንድ ጠጠር ብቻ ሲቀረው እንኳ ድሉ በተወሰነ የእንቅስቃሴ ቁጥር ውስጥ መጠናቀቅ ነበረበት። አሸናፊው ባላንጣውን ፈጽሞ ሳያራቁት፣ ጠጠሮቹ በገበታው ላይ ሳሉ እንዲረታ ይጠበቅበታል። ይህም ዝርፊያን ከጀግንነት የሚለይ ሥርዐት ነው።

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ስናይ፣ ሰንጠረዥ ከሸጥረንጅ ተገልብጦ የተቀመጠ ቅርስ ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። ከውጭ የመጣው ገበታ በሀገራችን እጅ የራሱ ጠባይ ተቀርጾለታል። ጨዋታው ስም የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ነገሥታት ስለተጫወቱት አይደለም።

ስሙ ኖሮ ጨዋታው መጥፋቱ

ታዲያ እንዲህ ያለ ጨዋታ ለምን ጠፋ? ፕሮፌሰር ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ በዝርዝር ባሳተሙበት ጊዜ ጨዋታው ከኅብረተሰቡ ኑሮ ወጥቶ ነበር። የጠፋው ከ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ጨዋታው ይኖርባቸው የነበሩት አዳራሾች ተበተኑ። ከነጻነት በኋላም በአዲሶቹ ትምህርት ቤቶችና ክበቦች የገባው ዓለም አቀፉ ቼዝ ነበር። ሰፊ መሠረት የነበረው ገበጣ በየሜዳው ሲኖር፣ በአዳራሽ የተወሰነው ሰንጠረዥ ከአዳራሹ ጋር ወደቀ። ሁለተኛው ክሳችን የተፈረደው እንግዲህ በታሪክ ራሱ ነው። ጨዋታው በሕጉ ውስጥ ያከበራቸውን እግረኞች በገበታው ዙሪያ አስቀምጦ ቢያጫውታቸው ኖሮ፣ የሚያተርፉት እነርሱ በሆኑ ነበር።

የሚያስገርመው ስሙ ምን እንደሆነ ነው። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ስንል አብዛኞቻችን ጨዋታ አይታየንም። በወረቀት ላይ የተሠመረ፣ ቁጥርና ስም የሚሞላበት መደብ ነው የሚታየን። ተማሪው የሒሳብ ሰንጠረዥ ይሠራል፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው የወጪ ሰንጠረዥ ያዘጋጃል። ገበታው ከነመሥመሩ በደብተራችን ውስጥ ቀርቷል፤ ንጉሡ፣ ፈረሱና መደቁ ግን ከላዩ ተነሥተዋል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ማለት እንዲህ ከሆነ፣ ባዶ ገበታ ሆኖ መዋሉ የሚያኮራ አይደለም።

ከዚህም የተነሣ ለወጣቱ የኮልፌ ተከራካሪ የምሰጠው መልስ ሁለት ክፍል አለው። የድሮ ጨዋታ ስሙ የሚገባው፣ ዛሬ ሕጉን አውጥተን ስንጫወተው አሁንም አንድ ነገር የሚያስተምረን ከሆነ ነው። የሚወዱት የቪዲዮ ጌም በዚህ ሚዛን ሊመዘን ይችላል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ተሠርቶ ስለወጣ አዲሱ ትውልድ በገዛ እጁ ይዞ ሊፈርድበት ችሏል። ሰንጠረዥ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። የሚያመሰግነውም የሚነቅፈውም ሳይጫወተው ነው።

አንድ ትንሽ ሙከራ

ከዚያ ክርክር በኋላ በአካባቢው ካሉ ወጣቶች ጋር አንድ ሙከራ አደረግን። ቀይ ጨርቅ ገዝተን፣ በጥቁር ክር ስምንት በስምንት አሠመርን። የዝሆን ጥርስ ስለሌለን ልጆቹ ዳማ የሚጫወቱባቸውን ቆርኪዎች ሰብስበን የጠጠሮቹን ምልክት በቀለም ጻፍንባቸው። ሕጉን ለማስረዳት ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀብንም።

ወረራው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች እጅ ለእጅ ተሻሙ፤ ጠጠሮች ከገበታው ወደቁ፤ ሣቅ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሁለቱም እጃቸውን ሰብስበው አንዱ የሌላውን ጣት ይመለከት ጀመር። በዙሪያው የቆሙት ልጆች እንደ ሶልት ዘመን ሰዎች ጮክ ብለው መከሩ፤ አንዳንዱም እጁን እየሰደደ አሳየ። «ጋሼ፣ ይኼ ዳኛ አያስፈልገውም እንዴ?» ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። ዳኛው ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ መሆኑን ነገርሁት።

በመጨረሻም እኔ ተቀመጥሁ፤ በዕድሜ ከሁሉ የምበልጠውም እኔ ነበርሁ። ባላንጣዬ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ደሩን ይዞ ሊረታኝ የሚችልበት ጊዜ ሲደርስ፣ ከኋላው የቆሙት «በደር አታድርገው፣ በመደቅ አድርገው!» እያሉ ጮኹ። እርሱም ሰምቶ ዘገየ፤ ሦስት መደቆቹን አስተባብሮ ንጉሤን መውጫ አሳጣው። በራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ ሁሉም ተናግሮ ራሱ ያሸንፉ ነበር። በኮልፌ ሁሉም ተናገረ፤ ለእኔ ግን የራራልኝ አልነበረም። ሰንጠረዥ በእውነተኛ ሕጉ ሲደረግ ያየሁት በዚያን ጊዜ ነው።

ስለሆነም የሰንጠረዥ ስም ይገባዋልን ለሚለው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚሰጠው መልስ አዎን የሚል ነው፤ ነገር ግን ያልተከፈለ ዕዳ ያለበት አዎን ነው። ዕዳውን ለመክፈል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ክንድ ቀይ ጨርቅ፣ ጥቂት ክር፣ 32 ቆርኪ ይበቃል። መምህሩ በክፍሉ፣ ሠዓሊውና ቀራጩ በሥራ ቤቱ፣ በየወረዳው የወጣት ማዕከል ኃላፊነት የያዘውም በማዕከሉ አዳራሽ ይህን ሊያደርግ ይችላል። ፊልን በትክክል የሚቀርጽ፣ የወረራን ሕግ ለልጆች የሚያስረዳ፣ በየአካባቢው ከአረጋውያን ዘንድ የቀረ የጨዋታ ቃል ቢገኝ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ ግን በሚቀጥለው ትውልድ «ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ቁጥር የሚሞላ ሰው ብቻ ይሆናል።